ሁለት ዓመት ያስቸገረኝ ማሲንቆ

ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ኤልያስ የመጡ አንድ አዝማሪ ሄድፎን አድርገው የቀዳሁላቸውን ሰሙ። እስኪያልቅ ድረስ ዝም አሉ። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቀው «አሁን የእኔ ማሲንቆ ነው» አሉኝ። ይህን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ደስታዬ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። በተለይ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደጀን ሆናችሁ ትንሽ ስቱዲዮ ልትከፍቱ ያሰባችሁና «መጀመሪያ የትኛውን ማይክ ልግዛ?» የምትሉ ልጆች ስሙኝ።

የእኔዋ ስቱዲዮ ደብረ ማርቆስ ናት። እናቴ ግቢ ውስጥ ያለች፣ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ክፍል። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ ነው፤ ከጀርባዋ ወፍጮ ቤት አለ። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድና አንድ ሄድፎን ይዤ ጀመርኩ። ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ አልልም። ሁላችንም ከዩቲዩብ እያየን፣ እያበላሸን ነው የተማርነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ማይክ ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ነበር። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ስቱዲዮ ማለት ኮንደንሰር ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ያጠራቀምኩትን ብር በሙሉ እሱ ላይ አዋልኩት። ማይኩ መጥፎ አይደለም፤ ዛሬም እሠራበታለሁ። ግን ለእኔ ክፍል የመጀመሪያ ማይክ መሆን አልነበረበትም። ይህንን የተማርኩት በእኚሁ አዝማሪ ላይ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሲመጡ ኮንደንሰሩን ፊት ለፊታቸው አቆምኩት። ማሲንቆ እየመቱ ዘፈኑ፤ ቀዳሁ፤ አሰማኋቸው። «ልጄ፣ ይሄ ቆርቆሮ ሲፋቅ ነው እንጂ ማሲንቆ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የደጋኑ ፍትጊያ ጆሮ ይበሳል፣ የቆዳው ወፍራም ድምፅ የለም፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ባዶ ጎተራ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። እኔ ምን አልኩ? «ጋሼ፣ ጭራው አርጅቶ ይሆናል» አልኳቸው። ሰውየው ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ የማሲንቆውን ጭራ ቀይረው፣ የደጋኑንም ቀይረው፣ በሦስተኛው ሳምንት መጡ። ድምፁ ያው ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ መሣሪያቸውን ማማቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ቅዳሜ ዕለት ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንደንሰር ረቂቅ ድምፅ ሁሉ ይለቅማል። ደህና በተሠራ ክፍል ውስጥ ይህ ጸጋ ነው። በቆርቆሮና በሲሚንቶ መካከል ግን ከማሲንቆው እኩል ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ በመንገድ የሚያልፈውን ባጃጅ ይቀዳል። ብዙዎቹ ረከስ ያሉ ኮንደንሰሮች ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርገው ነው የሚያወጡት፤ ፍትጊያው የሚኖረው እዚያው ነው። ኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ መጨመሪያና መቀነሻ) ላይ ስቀንሰው ማሲንቆው አብሮ ይሞታል። ስድስት ወር ያህል በኢኪው ስታገል ከረምኩ። አሁን አቋሜ የጸና ነው፤ ሲቀዳ የተበላሸውን በኢኪው አድናለሁ ማለት ጊዜ መግደል ነው።

ከዚያ ዳይናሚክ (እንደ ኮንደንሰር ረቂቁን ሁሉ የማይለቅም የማይክ ዓይነት) ልግዛ አልኩ። አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ የሹር ኩባንያ ኤስ ኤም 58 ነው ተብሎ ተሸጠልኝ። ፎርጅድ ነበር። ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ትክክለኛው 58 ያለ ኬብል 298 ግራም ይመዝናል፤ የእኔን ወርቅ ቤት ወስጄ ባስመዝነው ከዚያ በጣም ቀለለ። እና ስትገዙ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ክብደት የተጨመረበት ፎርጅድም ስለሚኖር ሚዛኑ ብቻውን አይበቃም፤ ሞክራችሁ እንድትመልሱ የሚፈቅድ ሻጭ ፈልጉ። እኔ ገንዘቤን አላስመለስኩም።

በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ያገለገለ የሹር ኤስ ኤም 57 ሸጠልኝ። ይህ ማይክ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አለ፤ 58 የመጣው በዓመቱ ነው። የውስጥ ሥሪታቸው በጣም ይቀራረባል። ትልቁ ልዩነት 58 ላይ ያለው ክብ ወንፊትና በውስጡ ያለው ስፖንጅ ነው። 57 ስለሌለው መሣሪያ ጋ በደንብ ይጠጋል። እኔ ይህን ማይክ እወደዋለሁ። ቢወድቅ አይሰበርም፣ ፋንተም ፓወር (ከሳውንድ ካርዱ ወደ ማይኩ የሚላክ ኤሌክትሪክ) አይፈልግም፣ ክፍሏን እንደ ኮንደንሰሩ አያጋንናትም።

ግን በመግዛቴ ብቻ ማሲንቆው አልዳነም። ፊት ለፊት፣ በአሥር ሴንቲ ሜትር ሳቆመው ሁለት ችግር መጣ። 57 ቀጭኑ ድምፅ ላይ፣ ወደ ስድስት ሺህ ኸርዝ አካባቢ፣ ራሱ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ፍትጊያው እንደገና ወጣ። ሲጠጋ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ከልክ በላይ ያብጣል፤ ይህ እንደ 57 ከፊት የሚሰማ ማይክ ሁሉ ጠባይ ነው። ወደ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር አራቅኩት፤ እብጠቱ ሄደ። ከዚያ ደጋኑ ጭራውን የሚፈትግበትን ቦታ ማነጣጠሬን ትቼ፣ በግራ ጉልበታቸው በኩል አምጥቼ ወደ ቆዳው የታችኛው ማዕዘን አዞርኩት። ፍትጊያው ከማይኩ ጎን ላይ ቀረ። ቀኝ እጃቸውም ደጋኑን ሲስብ ስታንዱን አይነካም። ያን ቀን ክፍሏ ውስጥ በደስታ ጮህኩ።

ቀጥሎ ድምፃቸው መጣ። አዝማሪ እየመታ ነው የሚዘፍነው፤ «መጀመሪያ ማሲንቆውን ብቻ፣ ከዚያ ድምፁን ብቻ» ካላችሁት ግጥሙም ምቱም ይጠፋበታል። ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም። አፋቸውና የማሲንቆው ገላ መካከል ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሁለት ማይክ ሲቆም የአንዱ ድምፅ ሌላው ውስጥ ዘግይቶ ይገባና፣ ሁለቱ ትራክ ሲደባለቅ ድምፁ የተቦረቦረ ይሆናል። የጠቀመኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ 57ም 58ም በጀርባቸው በኩል በደንብ አይሰሙም። ስለዚህ የድምፁን ማይክ (በኋላ ትክክለኛ 58 ገዝቻለሁ) ከአገጫቸው ዝቅ አድርጌ ወደ አፋቸው ቀና አደረግኩት፤ ጀርባው ማሲንቆውን ያያል። 57ን ደግሞ ከላይ ወደ ታች ዘንበል አደረግኩት፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ጀርባው ወደ አፋቸው ይዞራል። ሁለተኛው የሦስት ለአንድ ሕግ የሚሉት ነው፤ አንደኛው ማይክ ከአፍ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ ሌላው ከዚያው አፍ ቢያንስ አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መጀመሪያ ስሰማው የመጽሐፍ ወሬ መስሎኝ ነበር። በሜትር ለክቼ ሳስተካክለው ጉርብጥብጡ ለቀቀኝ።

ክፍሏንም ሠራኋት። ይህን ማስቀደም ነበረብኝ። ሰው ብርድ ልብስ የሚሰቅለው ከማይኩ ጀርባ ነው፤ ማይኩ ግን የሚያየው ከዘፋኙ ኋላ ያለውን ግድግዳ ነው። ሁለት ቡልኮ ደርቤ ከአዝማሪው ጀርባ ከግድግዳው ትንሽ አራቅ አድርጌ ሰቀልኩ፤ ፍራሽ ወለሉ ላይ፣ ሌላ ቡልኮ ከራሳቸው በላይ። ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ የጤፍ ጭድ የሞላ ማዳበሪያ እስከ ኮርኒሱ ደረደርኩ። የጤፍ አገር ሆነን ጭድ አላጣንም። ለከበሮ ትልቅ ለውጥ አመጣ፤ ጉርምርምታው አልጠፋም ግን ቀነሰ። ጭድ ግን እሳት ይወዳል፤ ሶኬትና ሻማ አጠገቡ አታድርጉ፣ አይጥም ተከታተሉ።

የወፍጮ ቤቱ ነገር በማይክ አይፈታም። እሱ ሲነሳ መስመሩ ላይ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይገባ ነበር። ቻርጀሩን ነቅዬ በላፕቶፑ ባትሪ ስቀዳ ጠፋ። ለሞተሩ ጩኸት ያለኝ መፍትሔ ሰዓት መምረጥ ብቻ ነው። ክረምት ላይም እንዲሁ ነው፤ ዝናቡ ከሰዓት ስለሚበረታ ጠዋት እቀዳለሁ።

ስለሌሎቹ በአጭሩ። ዋሽንት በኮንደንሰሩ ያምራል፤ ትንፋሹ በሚወጣበት አፉ ላይ ሳይሆን ጣቶቹ አካባቢ፣ አርባ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ። ክራርም እንደዚያው። በገና ዝግ ያለ መሣሪያ ስለሆነ የማይኩ የራሱ ሹክሹክታ ይሰማል፤ እዚያ ላይ የኮንደንሰሩ ጥራት ወሳኝ ነው። ሮድ ኤንቲ1ኤ የሚባለው ኮንደንሰር የራሱ ድምፅ አምስት ዴሲቤል ነው፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ሃያ ዴሲቤል ነው፤ በፉከራ ላይ ልዩነቱን አትሰሙትም፣ በበገና ላይ ግን ትሰሙታላችሁ።

እና ምርጫዬ፦ መጀመሪያ 57፣ ከዚያ ቡልኮና ጭድ፣ ከዚያ 58፣ ኮንደንሰር መጨረሻ። ፖድካስት ላይ የምታዩትን የሹር ኤስ ኤም 7ቢ ለመጀመሪያ ማይክ አትግዙ። ስልሳ ዴሲቤል ያህል ጌይን (ማጉላት) ይፈልጋል፤ ብዙ ትንንሽ ሳውንድ ካርዶች ያንን ሲሰጡ ይጨናነቃሉ። በዚያ ብር 57ና 58 አብረው ይገዛሉ።

ከበሮን በሁለት ማይክ ከሁለቱም ቆዳ ቀድታችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ እስካሁን አንዱን ቆዳ ብቻ ነው በደንብ የያዝኩት። አዝማሪው ከፋሲካ በኋላ ከበሮ መቺ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል።