ልጄን ውርጭ ላሳየው ሄድኩ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው አዳማ ነው። አንድ ቀን ስለ ውርጭ ሳወራለት «ፍሪጅ ውስጥ እንዳለው ዓይነት?» አለኝ። ያኔ ቆረጥኩ። ጥር መጨረሻ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ይዤው ወጣሁ፤ መጀመሪያ እኔ ወደ ተወለድኩባት ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ የእናቴ አገር ወደሆነው መንዝ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጫጫን እንዳለፍን «ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም የተወለዱት እዚህ አንጎለላ ነው» አልኩት። በመስኮት ብዙ ፈለገ። ቤተ መንግሥት ጠብቆ ነበር መሰለኝ፤ ያየው የጭድ ክምርና በጎች ነው።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ቀስቅሼ በሬሳ ወንዝ ዳር ወሰድኩት። ሜዳው ነጭ ሆኗል። ቁጢጥ ብሎ አንዷን ሣር በጣቱ ነካት። ጫፏ ላይ እንደ ጨው የደቀቀ በረዶ ተሰድሯል። «አባዬ፣ ያቃጥላል!» አለ። ደስ አለኝ። የአገሬ ገበሬም ውርጭ ባቄላውን ሲመታው «አቃጠለው» ነው የሚለው። ሣሯን ነቅሎ ለአክስቱ ሊያሳይ በመዳፉ ጨብጧት ሮጠ። ቤት ስንደርስ እጁ ላይ የቀረችው እርጥብ ሣር ብቻ ነበረች።

አዳማ ላይ ሰው ጥላ ፍለጋ መንገድ ይሻገራል። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ፍለጋ ነው የሚሻገረው። አሥራ አንድ ዓመት አዳማ ኖሬ፣ አሁንም ልቤ ፀሐይ ፈላጊዎቹ ጋ ነው። ከተማዋ ግን በጣም ተለውጣለች። በእኔ ልጅነት ፋብሪካ ሲባል የምናውቀው የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ነበር። አሁን መግቢያው ሁሉ ፋብሪካ ነው። ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋን እንደቆረቆሩና ስሟም ከዚያ እንደመጣ ነገርኩት። «ብርሃኑ አሁንም ይመጣል?» አለኝ።

አንኮበር ደርሰን የተመለስነው በአንድ ቀን ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ላይ ቆመን ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ አየን። ከታች ያለችው አልዩ አምባ ድሮ የጨውና የቡና ቅፍለት የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። አንኮበርም ጣርማ በርም ስማቸው ላይ «በር» ያለው በከንቱ እንዳልሆነ እዚያ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ይገባዋል። ደጋው እግርህ ሥር ያልቃል።

ወደ መንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ስንሄድ ግን ተናደድኩ። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ 80 ብር ጨመረብን። ሻንጣችንንም ለብቻ አስከፈለን። አጠገባችን የተቀመጡትን እናት ደግሞ ለያዟት አንዲት ዶሮ ጠየቃቸው። ስከራከር «ካልተመቸህ ውረድ» አለኝ። ቀጣዩ መኪና መቼ እንደሚሞላ አይታወቅም፤ ከፈልኩ። እናትየው መቀነታቸውን ፈትተው ብር ሲቆጥሩ ማየት ግን አንገበገበኝ። እስከ ጣርማ በር ድረስ አልበረደልኝም።

ያበረደልኝ ጓሳ የሚባለው የመንዝ ደጋ ሣር ሜዳ ነው። ጭላዳዎች መንገዱን ሲያቋርጡ ሹፌሩ ቆመላቸው። ልጄ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ቀይ ቀበሮ አላየንም። እኔ ያየሁት ሣሩን ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ከሱ ይሠራል። መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ጠብቀውታል። ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ አጨዳም ግጦሽም አልነበረም። ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፈት ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ዛሬም ግን ጠባቂው ሕዝቡ ነው። እናቴ «ጓሳ ተከፈተ» የሚለውን ቃል እንደ በዓል ነበር የምትጠራው።

መሐል ሜዳ ያደርንበት አልጋ ቤት መስኮቱ አንዱ መስታወት የለውም፤ በካርቶን ተደፍኗል። ብርድ ልብሱ አንድ ነው፤ እሱም ስስ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የልጄ ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማሁ። ጃኬቴን ደረብኩለት፤ ምንም አልሆነለትም። ያን ሌሊት ልጄን እዚህ በማምጣቴ ተጸጽቼ ነበር። ወጥቼ ዘበኛውን ቀሰቀስኩ። ሽማግሌ ናቸው። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ ገና ከመናገሬ። የአያቴን ስም ነገርኳቸው። «ታዲያ የእኛው ልጅ ነህ እንጂ!» ብለው የለበሱትን ባና ገፈው ሰጡኝ። እሳቸው በካፖርት ብቻ ቀሩ። እንቢ ብል አልሰሙኝም።

ባና ያላየ ካለ፣ ከበግ ፀጉር የተሸመነ ጥቁር ወፍራም ልብስ ነው። የመንዝ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። መጀመሪያ ቆዳ ይኮሰኩሳል። የበግና የጭስ ሽታ አለው። ክብደቱ ደረትህ ላይ ሲያርፍ ግን ብርዱ ውጭ ይቀራል። ልጄ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ተኛ። እኔ ግን ያን ሽታ ከሴት አያቴ ቤት አውቀዋለሁና ነቅቼ ቆየሁ።

ጠዋት ባናውን አጥፌ ብር ጨምሬ ሰጠኋቸው። ባናውን ተቀበሉ። ብሩን መልሰው ኪሴ ከተቱት። «እንግዳ አሳድሮ ብር የሚቀበል የት አይተሃል?» አሉ። ልጄን ግንባሩን ሳሙት።

ስንመለስ ጣልያን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ወረድን። ጉሙ ከእኛ በታች ነበር። መኪናው እንደቆመ ቆሎ ሻጮቹ ከበቡን። አንዲት ልጅ በ20 ብር ሰፍራ ሰጠችንና በእፍኟ ሌላ ጨምራ የልጄ ኪስ ውስጥ አፈሰሰችለት።

«ይሄስ ስንት ነው?» አላት።

«ምርቃት ነው» አለችው።

«አባዬ፣ ምርቃት ምንድን ነው?»

መኪናው ተነስቶ ስለነበር እሷው በመስኮት እየሮጠች አንድ እፍኝ ደግማ ጨመረችለት።