የጎማው ዱካ ላይ

ያንን ተዳፋት ለሳር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የኔ ነው።

የላይኛው አፈር ታጥቦ ያለቀበት፣ እዚህም እዚያም ቦረቦር የጀመረው መሬት ነበር። ሥራችን አገር በቀል ሳር መዝራት ነው፤ አንዴ ከያዘ ሳይታረስ ለዓመታት የሚቆየውን ዓይነት። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የማውቀው እህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቴ አሳረስኩ፣ አስከሰከስኩ፣ አፈሩ ዱቄት ሆነ። ስንራመድበት እስከ ቁርጭምጭሚት እንሰምጣለን። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማዳበሪያም ጨመርኩበት። እሱን አረሙ በላው።

ትራክተሩ የዘሩን ጆንያዎች ጭኖ ተዳፋቱን አንዴ አግድም አቋረጠ። ከዚያ በእጅ በተንን። ዘሩ ቀላል ነው፤ ጭራ ስላለው እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ነፋስ እንዳይወስደው ፈርቼ ቅርንጫፍ አስጎተትኩበት።

ዝናቡ መጣ። ስምንት ሳምንት አለፈ። የሚታየው አረምና አዲስ ቦይ ነው። "ዘሩ የሞተ ነበር" ብዬ ለአለቃዬ ሪፖርት ጻፍኩ። (በዘር ሻጭ ማላከክ እንዴት እንደሚቀል!)

ሳልልከው ጋሼ ጠሩኝ። የቆዩ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

"ና እስቲ፣ ይችን እያት።"

ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጡ ሁለት ቀጫጭን አረንጓዴ መስመሮች አሉ። ጎማው የሄደበት ነው። አረም መስሎኝ ስንቴ ረግጬው አልፌያለሁ። ጋሼ ተንበርክከው በቢላዋ ዙሪያውን ቆፈሩ። ቅጠሏ ከጣቴ አትረዝምም። ሥሯን ግን ክንዴ እስኪገባ ተከትለን ተበጠሰብን፤ ጫፉን አላየነውም።

"ዘሩ ደህና ነው ልጄ። መደቡን ነው ያበላሸኸው።"

የሳር ዘር ትንሽ ናት። የያዘችው ስንቅ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም ከማይበልጥ ጥልቀት ነው የሚያወጣት። በላላው አፈር ላይ ቅርንጫፉ ቀብሯት አለፈ። ያልተቀበረችውም ዙሪያዋ ክፍተት ስለሆነ እርጥበት አላገኘችም። ጎማው የጠቀጠቀው ላይ ግን አፈሩ ዘሩን ጨብጦ ያዘው። ትራክተሩ አግድም መሄዱም ዕድል ነው። ሽቅብ ቁልቁል ቢመላለስ ኖሮ ዱካው ራሱ ቦረቦር ይሆንልን ነበር።

ሪፖርቱን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ። አጠር ያለ ነበር።

በሚቀጥለው ወቅት አፈሩን በመዳመጫ ጠቀጠቅነው። ጋሼ በጫማቸው ይፈትኑታል፤ ዱካቸው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከሰመጠ "ገና ነው" ይላሉ። አራት ጊዜ "ገና ነው" አሉን፤ ሹፌሩ ተነጫነጨ። ዘሩን ከአሸዋ ጋር ደባልቀን በተንን፣ በስሱ ጭድ አለበስነው። ማዳበሪያ የሚባል ነገር አላስጠጋሁም። አረሙ ሲነሳ ከሳሩ ጫፍ ከፍ አድርገን አጨድነው። መንቀል ጋሼ ከለከሉ፤ አረሙ ሲነቀል ጨቅላውንም ይዞት ይወጣል።

ወራት አልፈው አለቃዬ ሊጎበኝ መጣ። ዙሪያውን ቃኘ። አንገቱን ነቀነቀ።

"ታዲያ ሳሩ የታለ?"

ቢላዋውን አቀበልኩት።