ባናው

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬ እንግዳ ልቀበል አዲስ ወደተከፈተ ሆቴል ጎራ ብዬ ነበር። መግቢያው ግድግዳ ላይ ባና ተሰቅሏል። ጥቁር የመንዝ ባና፣ ከበግ ፀጉር የተሸመነ ብርድ ልብስ፣ መብራት በርቶለት። ጠጋ ብዬ ጫፉን ዳሰስኩት። ያው ነው፤ ይኮሰኩሳል፣ በግ በግ ይሸታል። አስተናጋጇ "ለጌጥ ነው፣ አይሸጥም" አለችኝ።

በ1996 ዓ.ም. ከመንዝ ለመሰናዶ ትምህርት ስመጣ የያዝኩት እንዲህ ያለ ባና ነበር። እናቴ ከበጎቹ ሽልት ጀምራ ለፍታበታለች። ፀጉሩ ታጥቦ ከተነደፈ በኋላ፣ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጣ በእንዝርት ትፈትለው ነበር። ፈትሉ የሚያልፍበት ጣቷ ሻክሮ ነበር። ሸማኔው የእጁን ዋጋ በገብስ ተቀበለ።

አብረውኝ ቤት የተከራዩት ሁለቱ ልጆች ግን አበባ ያለበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነበራቸው። እኔ ባናውን አጥፌ ከአንሶላው ሥር አነጠፍኩት። ይህ አገር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ የኅዳርን ውርጭ በአንድ ጋቢ ተንቀጥቅጬ አደርኩት። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አልጋው ላይ ስትቀመጥ አወቀችው። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ በእጇ ዳሰሰችው፣ መልሳ ሸፈነችው። ምንም አላለችም። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ባናው እዚያ ቤት ውስጥ "ባላገር" ያሰኘኝ ነበር። እዚህ ሆቴል ውስጥ የባለቤቱን ጨዋነትና ሀብት ይናገራል። ባና ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ሌላ የሚለብሰው ያለው ሰው ነው፤ ብርድ የሚያሰጋው ሰው አይሰቅለውም።

የጤፉም ነገር እንዲሁ ነው። በልጅነቴ የምንጃር ነጭ ጤፍ ለእንግዳ ይጋገር ነበር፤ ቀዩ ለቤተሰብ። አሁን አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ "ለጤና" እያሉ ቀዩን ፈልገው ይገዛሉ። ቡናስ ቢሆን? በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙው የሸዋ ክርስቲያን ቡና መጠጣትን እንደ ነውር ያይ ነበር፤ ነገሩ እየላላ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ቡና ያልተፈላለት እንግዳ ተከበርኩ አይልም። ምላሳችን የሚጣፍጠውን ለብቻው አይመርጥም፤ ማን እንደሚበላው አስቀድሞ ያያል። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ የመረጥኩት ሙቀትን አልነበረም፣ የጓደኞቼን ዓይን እንጂ።

ቤት እንደገባሁ እናቴ ጋ ደወልኩ። "ያ ባና አለ?" አልኳት።

"አለ እንጂ! ክረምት ላይ የተወለደችውን ጥጃ አልብሻት ነበር፣ ታጥቧል። ምነው፣ በረደህ እንዴ?"

"አዎ እማዬ" አልኳት። "ላኪልኝ።"