በመጨረሻ ባለገመዱን መረጥኩ

አዳማ ያለው የቤተሰቦቼ ቤት ሳሎን 4 በ5 ሜትር ነው። አምስት ስፒከር (ሦስቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ) እና አንድ ሰብዉፈር፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ ስፒከር ያለውን፣ 5.1 የሚባለውን ሲስተም ላስገባበት የወሰንኩት በእማዬ ምክንያት ነው። ድራማ ትወዳለች። የቲቪው ድምፅ ግን ንግግሩን ከሙዚቃው ጋር እየደባለቀባት በየመሃሉ "ምን አለ?" ትለናለች።

መጀመሪያ ልቤ የነበረው ገመድ አልባው ላይ ነው። ሱቅ ገብቼ ልከፍል ስል "የኋላዎቹ ኮረንቲ ከየት ያገኛሉ?" ብዬ ጠየቅኩ። ባለሱቁ "ከሶኬት ነዋ!" አለኝ። ያኔ ነቃሁ። ገመድ አልባ ማለት የድምፁ ገመድ የለውም ማለት እንጂ የመብራቱማ አለው። እኛ ቤት ደግሞ ከሶፋው ጀርባ አንድም ሶኬት የለም። ከሽቦ ሸሽቼ ዲቫይደር ልዘረጋ ነበር።

ተስፋ ሳልቆርጥ ከጓደኛዬ የብሉቱዝ ስፒከር ተውሼ ከሶፋው ጀርባ አስቀመጥኩ። ንግግሩ ከፊት ከተሰማ በኋላ ከኋላ ይደገማል። ተራ ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ይዘገያል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 0.15 ሰከንድ ዘገየ ማለት ስፒከሩ 50 ሜትር ርቆ የቆመ ያህል ነው። ለሲኒማ ድምፅ ተብለው የሚሠሩ፣ የራሳቸው ማስተላለፊያ ያላቸው ገመድ አልባዎች እንዲህ አይዘገዩም። እነሱን ግን ኪሴ አልቻላቸውም።

ስለዚህ ሽቦውን በኮርኒስ ላይ ለማሳለፍ ተስማማን። ኤሌክትሪሺያኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጣ። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ይረዳዋል፤ ከረፋዱ በኋላ ኮርኒስና ቆርቆሮ መሃል መግባት ምጣድ ላይ እንደ መውጣት ነው። የስፒከሩን ሽቦ ከመብራቱ መስመር አርቆ ዘረጋው።

የሽቦውን ውፍረት ቸል አትበሉ። ርካሽ ስለሆነ 0.5 ካሬ ሚሊሜትሩን ልገዛ ነበር። 12 ሜትር ሲዘረጋ፣ የደርሶ መልሱ ሽቦ ለኮረንቲ የሚያሳየው ተቃውሞ 0.8 ኦም ገደማ ይሆናል፤ ለ8 ኦም ስፒከር ይህ ብዙ ነው። ባለ 1.5ቱ መዳብ ግን ከ0.3 ኦም አይበልጥም። እሱን ገዛሁ።

ሁሉም ተገጥሞ ሲከፈት የኋላው ድምፅ ሳስቶ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሆነ። ኤሌክትሪሺያኑ "ወንድሜ፣ የሪሞት ባትሪ አለህ?" አለኝ። የአንዱን ስፒከር ሽቦ ጫፎች ከማጉያው (ከአምፕሊፋየሩ) ነቅሎ የ1.5 ቮልት ባትሪ ላይ ለቅጽበት ነካ አደረጋቸው። ፕላሱ በትክክል ከተያያዘ የስፒከሩ ሆድ ወደ ውጭ ገፋ ይላል። የግራው ወጣ፤ የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ። ቀይና ጥቁሩን አቀያይረን ነበር። ስናስተካክለው ድምፁ ሞላ።

የኋላዎቹን ከሶፋው ግራና ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ አድርገን ከጆሮ ከፍታ ትንሽ ከፍ አልናቸው። ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ስለሆነ የእሱን ድምፅ ለብቻው ጨመርኩለት። የዚያን ዕለት ማታ እማዬ ድራማዋን አንድም ጊዜ ሳትጠይቀን ጨረሰች።

ተከራይ ብሆን ኖሮ ኮርኒስ አስነካለሁ ብዬ አከራይ አላስቸግርም ነበር፤ ገንዘብ አጠራቅሜ ጥሩውን ገመድ አልባ እጠብቅ ነበር። ባለገመዱን የምትዘረጉ ግን በየጫፉ አንድ አንድ ሜትር ትርፍ ተዉ። እማዬ ለፋሲካ ሶፋውን ወደ መስኮቱ ስታዞረው የደረሰልን ያ ትርፍ ነው።