እጁን ያነሳለት ጓደኛ

ዛሬ ከሥራ ገብቼ ስልኬን ስነካካ አንድ የቆየ ቪዲዮ አገኘሁ። ቶሮንቶ ነው፣ ኖቬምበር 2022። በረዶው ላይ የቀድሞው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ቦርዬ ሳልሚንግ ቆሟል። ኤኤልኤስ የሚባለው ጡንቻን የሚያዳክም ክፉ የነርቭ በሽታ አንደበቱን ወስዶበታል። እጁን ማንሳት እንኳ አቅቶታል። የድሮ የቡድን ጓደኛው ዳሪል ሲትለር እያለቀሰ እጁን ይዞ ወደ ላይ አነሳለት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ሳልሚንግ የኪሩና ልጅ ነው፣ የሰሜን ስዊድን። አባቱ ሳሚ ከሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ነበሩ። ማዕድን ማውጫ ውስጥ በአደጋ ሲሞቱ እሱ ገና 5 ዓመቱ ነበር። በ1973 ለቶሮንቶው የሆኪ ቡድን ለሜፕል ሊፍስ ሲፈርም ተጋጣሚዎቹ «ስዊድኖች ፈሪ ናቸው» እያሉ በዱላም በቡጢም ፈተኑት። ንቅንቅ አላለም! 16 ዓመት በተከላካይነት ተጫወተላቸው። በ1986 የበረዶ ጫማ ስለት ፊቱን ተልትሎት ከ200 በላይ ስፌት ተሰፋ። ተመልሶ ገባ።

ከሁሉ የምወድለት ግን 1976ን ነው። ካናዳ ካፕ በሚባለው የአገሮች የሆኪ ውድድር የስዊድንን ማሊያ ለብሶ ሲገባ የቶሮንቶ ሕዝብ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። የራሱ ልጅ አድርጎት ነበር።

ያ እጁ የተነሳበት ምሽት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። ነፍሱን ይማር። ቪዲዮውን አሁንም ደግሜ እያየሁት ነው።