የማክሰኞው አጥቂ

የአጥቂያችን ወቅታዊ አቋም ወርዷል የሚል ሪፖርት እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት በዲሴምበር አጋማሽ፣ የክለቡ ደመወዝ በተከታታይ ለሁለተኛ ወር በዘገየበት ሳምንት ነበር። ትእዛዙ የመጣው ከአሠልጣኙ ሳይሆን ከእግር ኳስ ዳይሬክተሩ ነው። «የሩጫ ቁጥሮቹን አውጣልኝ፤ ጥረቱ መቀነሱ በግልጽ ይታይ» አለኝ። ምን እንደፈለገ መገመት አይከብድም። ልጁ በቡድኑ ውስጥ ከፍተኛ ደመወዝ ካላቸው ተጫዋቾች አንዱ ነው። ጃንዋሪ ላይ የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት ውሉን በርካሽ ለማፍረስ ወይም በውሰት ለመስጠት ማስረጃ ያስፈልጋል።

ክለቡ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኝ የሊግ ቱ ክለብ ነው። ሊግ ቱ አራተኛው እርከን ሲሆን፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ሥር ያሉት ሦስት ምድቦች እያንዳንዳቸው 24፣ በድምሩ 72 ክለቦችን ይይዛሉ። አንድ ቡድን በሊጉ ብቻ 46 ጨዋታዎችን ያደርጋል። በመሆኑም ቅዳሜ ተጫውቶ ማክሰኞ ማታ እንደገና ወደ ሜዳ መግባት የተለመደ ነው። የእኔ ሥራ የተጫዋቾቹን የአካል ብቃት መረጃ መሰብሰብና መተንተን ነበር። ከማሊያቸው ሥር በሚለብሱት ጠባብ ሰደርያ ጀርባ ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ ትንሽ የጂፒኤስ መሣሪያ ትቀመጣለች። ማን ምን ያህል ርቀት እንደሸፈነ፣ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ስንት ጊዜ እንደሮጠ፣ ስንት ጊዜ በድንገት እንደተነሣና እንደቆመ ትመዘግባለች። ከጨዋታ በኋላ መሣሪያዎቹን ሰብስቤ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ።

ቁጥሮቹን ሳወጣ ዳይሬክተሩ የፈለገው ነገር በእርግጥ ነበረ። የአጥቂው የፍጥነት ሩጫ አማካይ ከሴፕቴምበር ጋር ሲነጻጸር ጉልህ በሆነ ሁኔታ ወርዷል። አማካዩን ብቻ ጽፌ ብሰጠው አንዲት የሐሰት ቁጥር አይኖርበትም። በስታዲየሙ ደጋፊውም «ገንዘቡን በልቶ ተኛ» እያለ ይጮህበት ጀምሯል። ልጁ ግን ሁለት ወር ሙሉ ያልተከፈለው ሰው ነው። ይህን ስሰማ ያንገበግበኝ ነበር።

ነገሩን ያወቅሁት ከኮምፒውተሬ ሳይሆን ከትጥቅ ክፍል ነው። የትጥቅ ክፍሉ ኃላፊ ዕድሜያቸውን በዚያ ክለብ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ማሊያውን የሚያጥቡት፣ ታኬታውን የሚወለውሉት፣ የተጫዋቾቹን ቁጥር በየመስቀያው የሚያሰናዱት እሳቸው ናቸው። የሳሙና አቅራቢው ያለፈው ዕዳ ካልተከፈለኝ አልልክም ካለ ወዲህ ዱቄቱን የሚገዙት ከኪሳቸው ነበር። የታጠቡትን ሰደርያዎች ልወስድ ስገባ የማን ሪፖርት እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ማጠቢያ ማሽኑን ዘግተው ቀና አሉና «ሰኞ ጠዋት መኪና ማቆሚያውን አይተኸው ታውቃለህ?» አሉኝ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። በሩ ገና ሳይከፈት ግን የአጥቂው መኪና ቆማ ያገኟታል። መስተዋቱ ላይ ጤዛ ተጋግሯል፤ ከኋላ ባዶ የሕፃን ወንበር አለ፤ ልጁ የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ አጋድሞ፣ በክለቡ ካፖርት ተሸፍኖ ተኝቷል። ደመወዙ መዘግየት ሲጀምር ከባለቤቱ ጋር የተከራዩትን ቤት ለቀዋል። ባለቤቱ አራስ ልጇን ይዛ በደቡብ እንግሊዝ ወደሚገኙት ወላጆቿ ሄዳለች፤ እሱ ደግሞ በአንድ የቡድን ጓደኛው ቤት ተጠግቷል። ቅዳሜ ጨዋታው ሲያልቅ አገሩን አቋርጦ ወደ እነሱ ይነዳል፤ እሑድ ሌሊት ደግሞ ተመልሶ ይነዳል። ሽማግሌው ቀስቅሰው ወደ ትጥቅ ክፍሉ ያስገቡትና፣ የማድረቂያው ማሽን ሙቀት አጠገብ ሻይ ይሰጡታል። ለማንም አልተናገሩም። ለእኔ የነገሩኝ «አንተ ልጅ፣ በእጅህ ያለው ወረቀት የሰው እንጀራ ነው» ብለው ነው።

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ የቅዳሜ ጨዋታዎችን ከማክሰኞዎቹ ለየሁ። የቅዳሜው አጥቂ ያው የሴፕቴምበሩ አጥቂ ነው፤ ምንም የጎደለው ነገር የለም። የማክሰኞው አጥቂ ግን እስከ እረፍት ደህና ይሮጥና ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ እግሩ ይከዳዋል። ኳስ ከተከላካዮች ጀርባ ስትጣል መነሣቱ ይዘገያል፤ ሲነጠቅም ለመመለስ አይሮጥም። ከመቀመጫው ሆኖ ለሚያየው ተመልካች ይህ ስንፍና ይመስላል። የሁለቱ ቀናት ቁጥር ተደምሮ ሲካፈል ደግሞ ቅዳሜም ማክሰኞም ያልተጫወተ አንድ ሦስተኛ ሰው ይወጣል፤ ዳይሬክተሩ ሊያባርረው የፈለገው ያንን ሰው ነው።

ከመጻፌ በፊት ልጁን ራሱን ማናገር ነበረብኝ። የሕክምና ክፍሉ ውስጥ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ አገኘሁት። በመጀመሪያ ነገሩን ካደ። ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘውን ሌላ ሰው ማወቁ አሳፈረው። «ሰበብ ፈለገ እንዲሉኝ አልፈልግም፤ ሌሎቹም አልተከፈላቸውም» አለኝ። ስለ ባለቤቱም ስለ ልጁም አንዲት ቃል እንደማልጽፍ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ቀኑን ጻፍ፤ ቤቴን ግን ተወው» አለ።

ሪፖርቱን እንደዚያው አዘጋጀሁት። ቅዳሜን ለብቻ፣ ማክሰኞን ለብቻ አስቀመጥሁ። በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ደመወዝ መከፈል የነበረበትንና ገንዘቡ በእርግጥ የገባበትን ቀን ጻፍሁ። ዳይሬክተሩ ያንን ዓምድ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህን ማን ጠየቀህ?» አለኝ። ቁጥሩን ያለ እሱ ማንበብ እንደማይቻል መለስኩለት። ደመወዙን ያዘገየው አስተዳደር ዓይኑን በጨው አጥቦ የተጫዋቹን ትጋት ሲመዝን ዝም ብሎ ማየት ለእኔ የሚቻል አልነበረም። አሠልጣኙ ግን ወረቀቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየውና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ያልተከፈለው ሁሉም ነው። ለምን እሱ ብቻ ወረደ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ደመወዝ የቀረበት ቡድን ሁሉ ይወድቃል የሚለው አባባል በራሱ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቤሪ ክለብ ተጫዋቾች ደመወዛቸው እየቀረ ከሊግ ቱ ሁለተኛ ሆነው አድገዋል። ክለቡ ግን በዚያው ዓመት ኦገስት 27 ቀን ከሊጉ ተባረረ፤ ሁለት ጊዜ የኤፍኤ ዋንጫን ያነሣና ከ1894 ጀምሮ በሊጉ የቆየ ክለብ ነበር። በዚያች ቀን ደጋፊዎቹ ክለባችን ይተርፋል ብለው ስታዲየማቸውን ሲያጸዱ ነበር የዋሉት። ዊጋን አትሌቲክም በ2020 ጁላይ መጀመሪያ በገንዘብ ቀውስ ምክንያት በአስተዳዳሪዎች፣ ማለትም ዕዳውን መክፈል ያቃተውን ድርጅት በሚረከቡ ባለሙያዎች፣ እጅ ወደቀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሃል ሲቲን 8 ለ 0 አሸነፈ። ያ ሁሉ ሆኖ በዚሁ ቀውስ በተጣለበት የ12 ነጥብ ቅነሳ ከሁለተኛው እርከን ከሻምፒዮንሺፕ ወረደ። መከራ አንዳንድ የመልበሻ ክፍልን ያስተሳስራል፤ ይህ የታየ ነገር ነው። ነገር ግን እናቱ ቤት የሚኖር የሃያ ዓመት ወጣትና የቤት ኪራይ ያለበት አባት በአንድ ቀን ደመወዝ ቢቀርባቸው፣ የቀረባቸው ነገር እኩል አይደለም። ለአሠልጣኙ የመለስኩለት ይህንኑ ነው። የአጥቂውን የቤት ጉዳይ ግን አላነሣሁም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

አሠልጣኙ አጥቂውን ከሰኞ ልምምድ አሰናበተው። ማክሰኞ በቀጥታ ወደ ጨዋታው እንዲመጣ፣ ሰኞን ባለበት እንዲያርፍ ፈቀደለት። ቀጣዩ የማክሰኞ ጨዋታ ላይ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሮጠ። ግብ አላገባም፤ አንድ ለዜሮ ተሸነፍን፤ ደጋፊውም ሲወጣ ጮኸበት። መሣሪያዋን ከጀርባው ሳወጣ ግን ቁጥሩን ማየት ሳያስፈልገኝ ልዩነቱ ታውቆኛል።

በጃንዋሪ ሄደ። በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። እሱም ማስጠንቀቂያውን ሰጥቶ ከባለቤቱ ወላጆች ከተማ ብዙም በማይርቅ ክለብ በነጻ ፈረመ። ዳይሬክተሩ በርካሽ ሊሸኘው ያሰበውን ተጫዋች ክለቡ ያለ አንድ ሳንቲም አጣው። በ2025 ክረምትም ደመወዝ በዘገየበት በሼፊልድ ዌንስዴይ ጆሽ ዊንዳስና ማይክል ስሚዝ በስምምነት ውላቸውን አፍርሰው ወጥተዋል፤ ክለቡ በኦክቶበር በአስተዳዳሪዎች እጅ ገብቶ 12 ነጥብ ተቀንሶበታል። ከክለቡ ውጭ ያለ ሰው የሚያየው የነጥቡን ቅነሳ ነው። ከዚያ በፊት ግን ብዙ የሰኞ ጠዋቶች አልፈዋል።

ስለ ሽማግሌው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የእሳቸውም ደመወዝ ዘግይቶ ነበር፤ የእሳቸውን አቋም ግን ማንም አልለካም። በእንግሊዝ ሊግ ደንብ መሠረት በአስተዳዳሪዎች እጅ የገባ ክለብ በሊጉ ለመቀጠል ለተጫዋቾችና ለሌሎች ክለቦች ያለበትን ዕዳ በሙሉ መክፈል አለበት። ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ አጣቢው፣ አምቡላንሱ ግን ከተረፈው ላይ የሚደርሳቸውን ጥቂት ይዘው ይሄዳሉ። በ2019 ቦልተን ዋንደረርስ ውስጥ ደመወዝ ለቀረባቸው ሠራተኞች የምግብ እርዳታ እስከ ማሰባሰብ ተደርሷል። ተጫዋቹ ቢያንስ ማህበር አለው፣ ወኪል አለው፣ የሚፈልገው ሌላ ክለብ አለ። ከኪሱ ሳሙና የሚገዛውን ሰው የሚፈልግ ሌላ ክለብ የለም።

አሁን የምሠራው በሌላ ክለብ ነው። ደመወዝ የሚገባው በቀኑ ነው፤ ያም ሆኖ በሪፖርቴ መጨረሻ ያ ዓምድ አለ፤ ቀኑንም በየወሩ ከሒሳብ ክፍል ጠይቄ እሞላዋለሁ። በጁላይ 2025 የእንግሊዝ ፓርላማ ያጸደቀው ሕግ ለላይኞቹ አምስት እርከኖች ነጻ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ አቋቁሟል፤ ክለቦች ፈቃድ ማውጣት፣ ባለቤቶችም መመርመር ግድ ይሆንባቸዋል። እኔ ከዚህ ተቆጣጣሪ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ክለብ ደመወዝ የከፈለበትን ቀን፣ ለአጥቂውም ለትጥቅ ክፍል ኃላፊውም፣ በየወሩ በይፋ እንዲያወጣ ያድርግ። ደጋፊውም ማክሰኞ ማታ ከመጮሁ በፊት ያንን ቀን ያንብብ።