ከጋንስተን ሆል ደጃፍ የማይታየው መንደር

ሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ጆርጅ ሜሰን የሚለውን ስም ጠዋት ማታ እንጠራዋለን። ስንቱ ልጃችን የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ በስሙ ነው። ሰውዬውን ለማወቅ ግን ቤቱን ማየት ይሻላል፤ ሄጄ አየሁት።

ጋንስተን ሆል ፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በሩት ዋን ወደ ደቡብ ቢነዱ ብዙም አይርቅም። የጡብ ቤቱ ከውጭ ሲታይ “ይኼ ነው እንዴ?” ያሰኛል። ውስጥ ሲገቡ የእንጨት ቅርጹ አፍ ያስከፍታል። ከእንግሊዝ በአገልግሎት ውል የመጣው ወጣቱ ዊልያም ባክላንድ ነው እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ የነደፈው።

ሜሰን በ1776 የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ አረቀቀ። ሰው ሁሉ በተፈጥሮው እኩል ነጻ ነው የሚል ነው። በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በተረቀቀበት የፊላደልፊያ ጉባኤ ላይ “የመብት ድንጋጌ የሌለው ሕገ መንግሥት አልፈርምም” ብሎ ወጣ። እዚያው ጉባኤ ላይ የባሪያ ንግድን አምርሮ አወገዘ። በ1792 ሲሞት ግን በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ለልጆቹ አወረሰ። አንዱንም ነጻ አላወጣም። ይህን ሳስብ ያ ሁሉ ያማረ ቅርጽ ከበደኝ።

በሰሜን በኩል ባለው ዋናው በር ላይ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ልጁ ጆን ሜሰን በእርጅናው ስለዚህ ደጃፍ ጽፏል። አባቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቼሪ ዛፎችን በአራት ረድፍ አስተክሎ ነበር። እንግዳ ሲመጣ በሩ መሀል ያቆመውና “ስንት ዛፍ ይታይሃል?” ይለዋል። እንግዳው አራት ብቻ ያያል። ትንሽ ፈቀቅ ሲል ከ200 በላይ ዛፍ ብቅ ይላል። አሰላለፉ እንደዚያ የተለካ ነው።

ጆን ስለ ሌላም ነገር ጽፏል። ከቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጫካው ውስጥ፣ ከዓይን እንዲሰወር ሆኖ የተሠራ ሎግ ታውን የሚባል መንደር ነበረ። ከተጠረበ ግንድ በተሠሩት ጎጆዎች ውስጥ ቤቱን የሚያገለግሉት ባሪያዎች ይኖሩ ነበር። አናጢዎቹ እዚያ ናቸው። የሜሰን የቅርብ አገልጋይ ጄምስም ከነቤተሰቡ እዚያ ነበር። በርሜል ሠሪው፣ አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው ሁሉ ከእነዚሁ ሰዎች ነው። ርስቱን ያቆመው የእነሱ ጉልበት ነው። ጎጆዎቹ ዛሬ የሉም።

ፌርፋክስ ያለው ዩኒቨርሲቲ በ2022 ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ አቁሟል፤ ነገሩን ቆፍረው ያወጡት ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። ጄምስ እዚያ አለ። የሜሰንን ልጅ ታገለግል የነበረች ፔኒ የምትባል የ10 ዓመት ልጅም አለች። እዚያ የሚማር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ መጀመሪያ ወንዙ ዳር ያለውን ቤት አብራችሁ እዩ። ከዚያ መታሰቢያው ጋ ሂዱና ስለ ፔኒ ንገሩት።